ድስቱ አንድ፣ ተመጋቢው ብዙ፤ በጨው ፈንታ የሚገባው ማዕድን ለማን ይበጃል? ለማንስ ያሰጋል?

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ በነበረችው በአምቦና እንደ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶና ጀልዱ ባሉት የምዕራብ ሸዋ አካባቢዎች ገበሬው ከገበያ ሲመለስ ጨው ሳይዝ የሚገባበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጨው ለወጡ ያስፈልጋል፤ ለበርበሬው ያስፈልጋል፤ ለቡናው ያስፈልጋል፤ ለከብቱም ያስፈልጋል። ከብቶቹም በኦሮምኛ ሆራ የሚባለውን የማዕድን ውኃ እንዲጠጡ በየጊዜው ይነዳሉ። በመሆኑም የጨው ነገር ለምዕራብ ሸዋ ገበሬ አዲስ ወሬ አይደለም።

አዲስ የሆነው በጨው ፈንታ ለምግብ የሚገባ ሌላ ማዕድን መኖሩ ነው። ይህ ነጭ ዱቄት በብዙ አገሮች «የጨው ምትክ» ወይም «ሶዲየሙ የተቀነሰ ጨው» እየተባለ በፓኬት ይሸጣል። በገጠር ገበያችን ገና የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለደም ግፊት ይጠቅማል ብሎ ሊልከው፣ ነጋዴም ከከተማ ሊያመጣው ይችላል። በዚያን ጊዜ የቀበሌው ሕዝብ መጀመሪያ የሚጠይቀው የማኅበሩን መሪዎች ይሆናል። ጥያቄውም «ይህን ነገር ብንበላው ይበጀናል ወይስ ይጎዳናል?» የሚል ነው።

መልሱ በአንድ ቃል የሚሰጥ አይደለም። ይህ የጨው ምትክ ለአንዱ ሰው መድኅን ሲሆን ለሌላው አደጋ ነው። ችግሩን የሚያከብደው ደግሞ ሁለቱም ሰዎች ከአንድ ድስት የሚበሉ መሆናቸው ነው።

ጨውና ምትኩ

የምንበላው ጨው የሁለት ነገሮች ውሕድ ነው። አንደኛው ሶዲየም፣ ሁለተኛው ክሎሪን ይባላል። ከጨው ክብደት ከመቶው 40 ያህሉ ሶዲየም ነው። ሶዲየም ለሰውነት የግድ አስፈላጊ ቢሆንም ከመጠን ሲያልፍ ሰውነት ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። የደም ግፊት ከፍ ብሎ ለብዙ ዘመን ሲቆይ ልብን ያደክማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ስትሮክ የሚባለውን የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ ያስከትላል።

የጨው ምትክ የሚዘጋጀው ከሶዲየሙ ጨው ከፊሉን ወይም ሁሉንም ቀንሶ በቦታው ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለ ሌላ ማዕድን በማስገባት ነው። ይህ ማዕድን መልኩ ጨው ይመስላል፤ ጣዕሙም ጨው ጨው ይላል፤ ሲበዛ ግን ይመራል። ፖታሲየም ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በባቄላው፣ በድንቹና በጎመኑ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ገበሬው ለጓሮ አትክልት የሚበትነው የምድጃ አመድም ፖታሲየም አለበት። ፖታሽ የሚለው የፈረንጅ ስም ራሱ የመጣው ቀድሞ በድስት ውስጥ ከአመድ ተጣርቶ ይወጣ ስለ ነበር ነው።

በሀገራችንም ፖታሽ በምድር ውስጥ አለ። አሞሌ ጨው እየተቆረጠ በግመል ይወጣበት በነበረው በአፋር በረሃ፣ በዳሎል አካባቢ፣ የፖታሽ ክምችት እንዳለ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ታውቋል። ያኔ ጣሊያኖች ፖታሹን እያወጡ ወደ ቀይ ባሕር ወደብ ያጓጉዙት ነበር። እንግዲህ ጨውና የጨው ምትክ በአንድ በረሃ ጎን ለጎን የሚገኙ ወንድማማች ማዕድናት ናቸው ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ወንድማማች ሁሉ አንድ ጠባይ እንደማይኖረው ሁሉ እነዚህም በሰው አካል ውስጥ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ሶዲየም የደም ግፊትን ሲያወጣ ፖታሲየም ያወርዳል።

ምን ያህል ጨው እንበላለን?

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል። ይህም አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ በቅጡ የማይሞላ ነው። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ግን አዋቂው በአማካይ በቀን ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚበላ ታይቷል። በዚያው ጥናት ከ100 አዋቂ ሰዎች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ግፊት እንዳለባቸው የማያውቁ ናቸው፤ በሽታው በአብዛኛው ሕመም ሳያሰማ የሚቆይ ነውና።

ይህን በአንድ ቤተሰብ እንመልከተው። 6 አዋቂዎች ያሉበት ቤት በቀን ለእያንዳንዱ ሰው 5 ግራም ቢመደብ በ30 ቀን የሚፈጀው ጨው 900 ግራም ነው። ይኸውም አንድ ኪሎ አይሞላም። በቀን 8 ግራም ከሆነ ግን በወር ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። እንግዲህ አንድ የቤት እመቤት ለቤተሰቡ ምግብ በወር ስንት ኪሎ ጨው እንደምትገዛ ብታሰላ ቤቷ በየትኛው ወገን እንዳለ ታውቀዋለች። ለከብት የሚገዛው ጨው ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

በከተማና በበለጸጉ አገሮች ሰው ከሚበላው ጨው አብዛኛው በፋብሪካ ከተዘጋጀ ምግብ ጋር ይገባል። በገጠር ቤታችን ግን ጨው የሚጨመረው በአብዛኛው በእናቶች እጅ ነው። ከበርበሬው ጋር ሲፈጭ አንድ ጊዜ ይገባል፤ ወጡ ሲሠራ ሁለተኛ ይገባል፤ ከቡናው ጋር ሦስተኛ ይገባል። ስለዚህ ጨው መቀነስም ሆነ መለወጥ የሚቻለው በዚያው በማጀት ነው። ይህ ለገጠሩ ሕዝብ ትልቅ ዕድል ነው፤ ነገሩ ሳይታወቅ ከተደረገ ግን ጉዳቱ የሚገባውም በዚያው በር ነው።

በቻይና መንደሮች የታየው

የጨው ምትክ ጥቅም በገበሬ መንደሮች ውስጥ ተፈትኗል። በቻይና ገጠር በ600 መንደሮች የሚኖሩ 20,995 ሰዎች በአንድ ጥናት ተካፍለዋል። የተመረጡት ቀደም ሲል ስትሮክ ያገኛቸው ወይም 60 ዓመት የሞላቸውና የደም ግፊት ያለባቸው ነበሩ። በግማሾቹ መንደሮች የሚኖሩት ከመቶው 75 እጅ ጨው፣ 25 እጅ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ምትክ ተሰጣቸው። የቀሩት መንደሮች በለመዱት ጨው ቀጠሉ። ክትትሉም አምስት ዓመት ያህል ቆየ።

ውጤቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። በለመዱት ጨው በቀጠሉት መንደሮች ከ1,000 ሰዎች መካከል በዓመት 34 ያህል የስትሮክ አደጋ ሲደርስ፣ ምትኩን በተጠቀሙት መንደሮች ቁጥሩ ወደ 29 ዝቅ ብሏል። የሞትም ቁጥር ከመቶ 12 እጅ ያህል ቀንሷል። በፖታሲየም መብዛት ምክንያት የሚመጣው ጉዳትም በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም።

ይህ መልካም ዜና ነው። ሆኖም አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ጥናቱ ሲጀመር ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎችና በሰውነት ውስጥ ፖታሲየም የሚያስቀር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች እንዳይገቡ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ከቻይና መንደሮች የተገኘው ደግ ወሬ ለሁሉም ሰው የሚሠራ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ተጣርተው ለቀሩት ሰዎች የሚሠራ ነው።

ኩላሊት የደከመ እንደሆነ

ከምግብ የሚገባውን ትርፍ ፖታሲየም ከደም አጣርቶ በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ባቄላም ድንችም በልቶ፣ የጨው ምትክም ጨምሮበት ትርፉን ያስወጣል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ትርፉን ማስወጣት ያቅተዋል። ፖታሲየሙም በደም ውስጥ ይከማቻል።

በደም ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም መጠኑ ጠባብ ነው። ከመጠኑ ሲያልፍ ጡንቻ ይዝላል፤ የልብ ምት ይዛባል፤ እየበዛ ከሄደም ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት የማያሳይ መሆኑ ነው። መጠኑን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው በደም ምርመራ ብቻ ነው።

አደጋው የሚያሰጋቸው የኩላሊት ሕመምተኛ መሆናቸው የታወቀ ሰዎች ብቻ አይደሉም። የስኳር በሽታና የቆየ የደም ግፊት ኩላሊትን ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። በመሆኑም ብዙ ዓመት በእነዚህ በሽታዎች የቆየ ሰው ሳያውቀው ኩላሊቱ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ለደም ግፊትና ለልብ ድካም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል እንደ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ያሉት ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። እንግዲህ ነገሩን ልብ ብሎ ላስተዋለው፣ የጨው ምትክ ይበጀዋል የሚባለው የደም ግፊት ሕመምተኛ ራሱ ከምትኩ ጋር የማይስማማ መድኃኒት እየዋጠ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሐኪም ሳይጠይቅ ማንም ሕመምተኛ ጨውን በምትኩ መለወጥ አይገባውም። መድኃኒቱንም በገዛ ፈቃዱ ማቋረጥ የለበትም።

የዓለም የጤና ድርጅት በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የገለጸውም ይህንኑ ነው። ድርጅቱ በመጀመሪያ ጨው መቀነስን ይመክራል። ቀጥሎም ጨው የሚጠቀሙ አዋቂዎች ፖታሲየም ባለበት ምትክ ቢለውጡት እንደሚሻል ይጠቁማል። ነገር ግን ምክሩ ነፍሰ ጡሮችን፣ ልጆችን፣ ኩላሊታቸው የታመመና ፖታሲየምን ከሰውነታቸው ማስወጣት የሚቸግራቸውን ሰዎች አይጨምርም።

አንድ ድስት፣ አምስት ሰው

ለምሳሌ ያህል አንድ የገበሬ ቤት እንውሰድ። አያት ደም ግፊት አለባቸው። አባወራው ስኳር በሽታ ከያዘው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ምራቲቱ ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ሕፃናትም አሉ። ልጅ ከከተማ ሲመጣ ለእናቱ ብሎ አንድ ፓኬት የጨው ምትክ አመጣ። ምራቲቱም አማቷን ለመርዳት ብላ፣ በቅንነት፣ ምትኩን ከወጡ ድስት ጨመረችው።

ያ ወጥ ምናልባት ለአያት ይበጅ ይሆናል፤ የሚወስዱት መድኃኒት ከፖታሲየም ጋር የሚስማማ ከሆነና ኩላሊታቸውም ጤነኛ ከሆነ ማለት ነው። አባወራው ኩላሊቱ ሳይታወቅ ደክሞ ከሆነ ግን ከዚያው ገበታ የሚጎርሰው ጉርሻ ሁሉ በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይጨምርበታል። ለነፍሰ ጡሯና ለሕፃናቱ ደግሞ መመሪያው ምትኩን አላዘዘም። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም አልሰነፈም። ስሕተቱ ለአንድ ሰው የታሰበው ነገር ለአምስት ሰው መሰጠቱ ነው።

በአንድ ትሪ ዙሪያ መብላትና መጎራረስ የሀገራችን መልካም ባህል ነው። ስለዚህ በሌላው አገር ለየራሱ በሳሕን የሚመገብ ሰው የሚያደርገውን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ከዚህ ይልቅ ቀላሉና ወጪ የሌለበት መንገድ ይሻላል። ይኸውም ለመላው ቤተሰብ ጨውን ጥቂት በጥቂት መቀነስ ነው። በርበሬው ያለ ጨው ቢፈጭ፣ ለወጡ የሚገባው በማንኪያ ቢለካ፣ ቡናው ያለ ጨው ቢጠጣ፣ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። ሐኪም ጨው እንዲያቆም ያዘዘው ሰው በቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ወጡ ጨው ሳይገባበት በፊት የእርሱን ድርሻ ቀንሶ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ ዘዴ ለአያትም፣ ለአባወራውም፣ ለነፍሰ ጡሯም፣ ለሕፃናቱም እኩል ይበጃል። የሚጎዳው ሰው የለም።

በምላስ የሚታወቅ ነገር አይደለም

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት ጨው በጣዕሙ እንደሚፈረድ ያስተምራል። በጨው ምትክ ነገር ግን ጣዕም ዳኛ ሊሆን አይችልም። ለዚህም ማስረጃ የሚሆን ድርጊት በአሜሪካ ደርሷል።

በ1940ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለልብና ለደም ግፊት ሕመምተኞች ሊቲየም ክሎራይድ የተባለ ማዕድን በጨው ፈንታ ይሸጥ ነበር። ጣዕሙ ከጨው ብዙም የማይለይ በመሆኑ ሕመምተኞቹ ወደዱት። ብዙም ሳይቆይ የሚንቀጠቀጡ፣ የሚፍዘዙ፣ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች ታዩ፤ የሞቱም ነበሩ። በ1941 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1949፣ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት አስጠነቀቀ፤ ዕቃውም ከገበያ ተነሣ። ያው ሊቲየም ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ፣ በደም ምርመራ እየተለካ፣ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሆኖ ያገለግላል። ልዩነቱ መጠኑን የሚቆጣጠር ባለሙያ መኖሩ ነው። በጨው ዕቃ ውስጥ ሆኖ በየሰዉ እጅ በጭልፋ የሚጨመር ማዕድን ግን ይህን ቁጥጥር አያገኝም።

የማዳበሪያ ፖታሽ ጨው አይደለም

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የሀገሪቱ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ሳቢያ ገበሬው ከቀድሞዎቹ ዳፕና ዩሪያ ሌላ ልዩ ልዩ የማዳበሪያ ዓይነቶችን አውቋል። ከእነዚህም ውስጥ ፖታሽ ይገኝበታል። ለማዳበሪያነት የሚውለው ፖታሽ አብዛኛው ክፍሉ ያው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። መልኩም ነጭ ወይም ቀላ ያለ ነው።

«የጨው ምትክ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ በመጋዘናችንም ፖታሲየም ክሎራይድ አለ፤ እንግዲህ አንድ ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ትልቅ ስሕተት ነው። ማዳበሪያ ለምግብ ተብሎ አልተጣራም። ከማዕድን ማውጫ አብረውት የመጡ ባዕድ ነገሮችና እንዳይጋገር የሚጨመሩበት ቅመሞች ሊኖሩበት ይችላሉ። ከዚህም በላይ ለምግብ የሚዘጋጀው ምትክ ብዙውን ጊዜ ከጨው ጋር በልክ የተቀላቀለ ሲሆን፣ የማዳበሪያው ግን ከሞላ ጎደል ራሱ ፖታሹ ብቻውን ነው። ስለዚህ ለሰውም ለከብትም በጨው ፈንታ ፈጽሞ መሰጠት የለበትም።

ዩሪያም እንደዚሁ ነው። ነጭ ፍሬው ከሩቅ ሲያዩት ጨው ይመስላል። ከብት ከፈሰሰ ዩሪያ ላይ ከላሰ ወይም ዩሪያ የሟሟበትን ውኃ ከጠጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የማዳበሪያ ጆንያ ታጥቦ ጨው ወይም እህል የሚያዝበት ልማድም መቅረት ይገባዋል። ለከብት የሚገዛው አሞሌም ሆነ በፋብሪካ የተዘጋጀ የከብት ማዕድን ለሰው ምግብ አይሆንም፤ አንዱ አዮዲን የለውም፤ ሌላው ለከብት አካል ተብለው የተለኩ ሌሎች ማዕድናት አሉበት።

እንዲሁም ከአምቦ ምድር የሚፈልቀው ጠበል መሰል የማዕድን ውኃ በጨው ፈንታ የሚቆጠር አይደለም። በውስጡ ሶዲየምን ጨምሮ ልዩ ልዩ ማዕድናት አሉ። ስለዚህ ጨው እንዲቀንስ የታዘዘ ሰው «ይህማ ውኃ ነው» ብሎ ሳይጠይቅ አብዝቶ ሊጠጣው አይገባም።

አዮዲኑ እንዳይረሳ

ጨው ለደጋው ሕዝብ ከማጣፈጥ ሌላ ሥራ አለው። አዮዲን የሚያደርሰው እርሱ ነው። የደጋው አፈር በዝናብና በጎርፍ ታጥቦ አዮዲኑ ያነሰ በመሆኑ፣ በላዩ የሚበቅለው እህልም አዮዲኑ አነስተኛ ነው። የአዮዲን ማነስ እንቅርትን ያመጣል። ነፍሰ ጡር አዮዲን ካጣች ጽንሱ ይጎዳል፤ የልጁም የአእምሮ ዕድገት ይቀጭጫል። በ1999 ዓ.ም. ግድም የታተመ ሀገር አቀፍ ጥናት ለትምህርት ከደረሱ ልጆች ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት እንደ ነበረባቸው አመልክቷል።

ቀድሞ የሀገሪቱ ጨው ከአሰብና ከምፅዋ ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን ገበያው በአብዛኛው በአፋር ክልል ወደሚገኘው ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ። ይህም ጨው በብዛት አዮዲን ሳይገባበት ይሸጥ ስለ ነበር በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ።

እንግዲህ አንድ ቀበሌ ተራውን ጨው ትቶ አዮዲን የሌለው ምትክ ቢያስገባ ለደም ግፊት መድኃኒት አገኘሁ ሲል እንቅርትን መልሶ መጥራቱ ነው። ማንኛውም የጨው ምትክ አዮዲን ያለበት መሆኑ በፓኬቱ ላይ መነበብ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ጨውን በአዮዲን ለማበልጸግ ከሚያገለግሉት ቅመሞች አንዱ ፖታሲየም አዮዴት ይባላል። በተራ ጨው ፓኬት ላይ «ፖታሲየም» የሚል ቃል ያየ ሰው የጨው ምትክ መስሎት ሊደነግጥ ይችላል። የሚያስደነግጥ ነገር የለም። የሚገባው መጠን በኪሎ ውስጥ በሚሊግራም የሚቆጠር እጅግ ጥቂት ነው፤ ኩላሊት የታመመ ሰውንም በዚህ መጠን አይጎዳም። የጨው ምትክ የሚባለው «ፖታሲየም ክሎራይድ» የሚል ቃል ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ጭምር የተጻፈበት ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ደግሞ በፀሐይ፣ በእርጥበትና በክፍት ዕቃ ሲቀመጥ አዮዲኑ ይጠፋል። ስለዚህ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል።

ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው

የጨው ጉዳይ የግል ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ጨው ከአንድ ሱቅ ወጥቶ በየቤቱ የሚገባ በመሆኑ የማኅበር ጉዳይ ነው። በመሆኑም የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ቀጥሎ ያሉትን ነገሮች ሊፈጽሙ ይችላሉ።

አንደኛ፣ የጨው ምትክ ለሱቅ ይግዛ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ፓኬቱን በስብሰባው ፊት ማስነበብ ነው። ፖታሲየም ክሎራይዱ ከመቶ ስንት ነው? አዮዲን አለበት? ለምግብ የተዘጋጀ ነው? የኩላሊት ሕመምተኞችን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለበት? የሠራው ማን ነው? የአገልግሎት ዘመኑስ መቼ ያልፋል? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ መልስ ካጣ ዕቃው አይገዛ።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ቢገዛም እንኳ አዮዲን ያለበትን ተራ ጨው ከሱቁ እንዳያስወጣ ማድረግ ነው። ምትኩ በተለየ መደርደሪያ ተቀምጦ፣ ሐኪም ለፈቀደላቸው ሰዎች ብቻ፣ በራሱ ፓኬት እንጂ በስፍር ሳይሆን ይሸጥ። በስፍር የተሸጠ ነጭ ዱቄት ቤት ከገባ በኋላ ማንነቱን የሚናገርለት የለም።

ሦስተኛ፣ ማዳበሪያ፣ ዩሪያ፣ የከብት ጨውና የሰው ጨው በአንድ ክፍል እንዳይከማቹ መቆጣጠር ነው። ቦታው ጠባብ ከሆነ ቢያንስ በመካከላቸው ግድግዳ ይኑር። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያም ለምግብ ማስቀመጫ እንዳይውል በስብሰባ ላይ ይነገር።

አራተኛ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጋብዞ ስለ ጨው እንዲያስረዱ ማድረግ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች የደም ግፊታቸውን እንዲለኩ፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸውም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በአምቦ ወደሚገኙት ሆስፒታሎች ሄደው ኩላሊታቸውን እንዲመረመሩ ማበረታታት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ጨው መቀነስን ማስተማር ነው። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይጠበቅም። መሪው በራሱ ቤት ቢጀምረው ጎረቤት አይቶ ይከተለዋል።

የጨው ምትክ በራሱ መርዝ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነና ሐኪም ለፈቀደለት አዋቂ ሰው ጠቃሚ መሆኑ በብዙ ሺህ ገበሬዎች ላይ ታይቷል። ያልተመረመረ ሰው ከሚበላበት ድስት ውስጥ ሲገባ ግን ጥቅሙና ጉዳቱ አብረው ይቀላቀላሉ፤ አንዴ ከተቀላቀሉም በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ፓኬቱ ሳይከፈት፣ ዱቄቱም ከድስቱ ሳይገባ በፊት ነው።